አባ ዕንባቆምና ከህንድ የመጣው ልዑል

ተረት የልጆች ማስተኛ ነው የሚል አሳብ በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ፍልስፍናን ከመጽሐፍ፣ ሳይንስን ከቤተ ሙከራ ይቀስማል እንጂ ከተረት ምን ያገኛል የሚሉ ጓደኞች አሉን። እንደዚሁም የሩቅ አገር ጥበብ ወደ እኛ የደረሰው ገና ትናንት፣ በአውሮፕላን ነው ብለው የሚያምኑ አይጠፉም። እኛም በልደታ ማርያም አካባቢ የምንኖር ተማሪዎች ለዚህ አሳብ ቅርብ ነን፤ አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረው በዚሁ በልደታ በኩል ነውና። ይሁን እንጂ በልደታ ሜዳ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከማረፉ ከሦስት መቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ አስቀድሞ፣ ከህንድ የተነሣ አንድ ታሪክ በእግር፣ በግመልና በጀልባ ተጉዞ፣ አምስትና ስድስት ቋንቋ ለብሶ አገራችን ገብቷል። ያንን ታሪክ ተቀብለው በግእዝ ያለበሱልን ሰው አባ ዕንባቆም ይባላሉ። የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ የተነሣነው ሰውየውን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን፣ ያን ያህል የደከሙበት ተረት ለዛሬ ተማሪ ምን እንደሚል ለመመርመር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ዕንባቆም የተወለዱት በ1470 ገደማ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን ነው። ቤተሰባቸው ሙስሊም ነበር። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አረብኛ ሲሆን፣ ቁርዓንንም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ነጋዴ ነበሩ ይባላል። በዚያ ዘመን በየመንና በእኛ አገር መካከል ያለው ባሕር ሰውን ከሰው የሚለይ ግንብ ሳይሆን እንደ ሰፊ መንገድ የሚቆጠር ነበር። ከወዲያ ጨርቅና ቅመም ይመጣል፤ ከወዲህ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይሄዳል። ከሸቀጡ ጋር ወሬ፣ ከወሬው ጋር መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉም ጋር ክርክር ይጓዛል። ወጣቱ የመናዊም በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በዚሁ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

አገሩን ከለመዱ በኋላ ያሳሰባቸው የገበያው ትርፍ አልነበረም። የክርስቲያኖቹን መጻሕፍት ማንበብ፣ ከሊቃውንቱ ጋር መከራከር፣ ያነበቡትንም ከሚያውቁት ከቁርዓን ጋር ማስተያየት ጀመሩ። ይህ የአንድ ሌሊት ነገር አልነበረም፤ ረዥም ጊዜ ጠይቀው፣ ተጠራጥረው፣ መዝነው በመጨረሻ ተጠመቁ። የወጣላቸውም ስም ዕንባቆም ነው። ይህ ስም ግፍ ሲበዛ ለምን ዝም ትላለህ ብሎ እግዚአብሔርን የጠየቀው የነቢዩ ስም መሆኑን ያስታውሷል። ስሙ ለወደፊቱ ሕይወታቸው የተገባ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን። ከዚያ በኋላ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሱ።

ባዕድ ሆኖ የገባ ሰው በአዲስ አገር ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንድ ጊዜ የአገሩን ቋንቋና ልማድ እስኪያውቅ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አውቆ ሲበልጥ። አባ ዕንባቆም የመጀመሪያውን ፈተና በትምህርት አለፉት። ግእዝን እንደ አገሩ ሊቃውንት ቻሉ፤ በአጼ ልብነ ድንግል ዘመንም የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ከአረብኛ ወደ ግእዝ ለማምጣት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከዚያም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆነው ተሾሙ። እጨጌ ማለት በዚያን ጊዜ ከግብጽ ከሚመጣው ጳጳስ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትልቁ ሥልጣን ነው፤ የመነኮሳቱም ሁሉ አለቃ ነው። ከባሕር ማዶ ተወልዶ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው ከእሳቸው በቀር አይታወቅም።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በዚሁ ወንበር ላይ ሳሉ ነው። ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱና ከሹመታቸው ተነሥተው ተጋዙ። በኋላ ምሕረት ቢደረግላቸውም ነገሩ የሚያስተምረን አለ። አንድ ሰው ከእኛ የበለጠ የእኛን መጽሐፍ ሲያውቅ ማመስገን ሲገባን ትውልዱን መቁጠር እንጀምራለን። ይህ በሽታ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ አይምሰለን፤ በተማሪ መኝታ ቤትና በመማሪያ ክፍልም አይታጣም።

ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። አባ ዕንባቆም መነኩሴ የሆኑበት፣ ያስተማሩበት፣ የተሾሙበትም የተሻሩበትም ደብር ዐመድ ሆነ። በየአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መቶ ዓመት የተጻፈው መጽሐፍ ባንድ ቀን ጠፋ። ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ አረፉ። አባ ዕንባቆምም ከስደተኞቹ አንዱ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ መነኩሴ ምን ሊያደርግ ይችላል? ጦር የለው፤ ሠራዊት የለው። አባ ዕንባቆም ብዕር አነሡ። በ1540 ላይ አንቀጸ አሚን የሚባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ፤ ትርጓሜውም የሃይማኖት በር ማለት ነው። መጽሐፉ ለኢማም አሕመድ የተላከ ነው። ከክርስትና ወገን ሆነው የኢማሙን ሃይማኖት ይሞግቱበታል፤ ለምን ክርስቲያን እንደሆኑም ያስረዱበታል። የመጽሐፉን ክርክር ሙስሊሞች ወገኖቻችን እንደማይቀበሉት ግልጽ ነው፤ እኛም በዚህ ገጽ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ አልተነሣንም። ልናስተውለው የሚገባን አደራረጉን ነው። ቤታቸውን ላቃጠለው ጦር መሪ ስድብ አልላኩም፤ ክርክር ላኩ። ክርክራቸውንም ያቆሙት እርሱ በሚያከብረው መጽሐፍ ላይ፣ ከቁርዓን እየጠቀሱ ነው። ይህም ማለት በጦርነቱ መካከል እንኳ ባላጋራቸውን ማንበብ የሚችልና ምክንያት የሚሰማ ሰው አድርገው ቈጥረውታል ማለት ነው።

ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ሞተ። በዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ንጉሥ አጼ ገላውዴዎስ የተረከቡት የፈረሰ አገር ነው። አባ ዕንባቆም አሁን ሽማግሌ ናቸው፤ የንጉሡም አማካሪ ሆነዋል። ከጦርነት በኋላ መጻፍና መተርጐም ያለባቸው መጻሕፍት ብዙ ነበሩ፤ የተቃጠለው ሁሉ መተካት ነበረበት። ታዲያ በዚያ ሁሉ ችግር መካከል፣ በ1553፣ እኚህ ሽማግሌ ከአረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፍ የሕግ መጽሐፍ ወይም የነገሥታት ታሪክ አይደለም። በረላም ወይዋስፍ የሚባል፣ በህንድ አገር ስለነበረ ልዑል የሚተርክ፣ በተረትና በምሳሌ የተሞላ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ አንድ ንጉሥ ነበር። ልጅ አጥቶ ኖሮ በመጨረሻ ይዋስፍ የሚባል ልጅ ተወለደለት። ኮከብ ቈጣሪዎች ተሰብስበው ክብሩን ሲተነብዩ ከመካከላቸው አንዱ ግን ይህ ልጅ የሚነግሠው በሌላ መንግሥት ነው፤ የምታሳድደውንም ሃይማኖት ይይዛል አለ። ንጉሡ ደንግጦ ለልጁ ያማረ ግቢ አሠራለት፤ በሽተኛ፣ ሽማግሌና ሬሳ እንዳያይ አዘዘ። ልጁ አድጎ ከግቢው ለመውጣት በለመነ ጊዜ ግን፣ ጥበቃው ሁሉ ሳያግደው በመንገድ ላይ አካለ ጎደሎዎችን አየ፤ በሌላ ቀንም የጐበጠ ሽማግሌ አየ። ይህ የእኔም ዕጣ ነውን ብሎ ጠየቀ፤ አዎን አሉት። ከዚያ ወዲያ ሣቅ ጠፋበት። በዚህ ጊዜ በረላም የሚባል መነኩሴ እንደ ነጋዴ ለብሶ፣ ዋጋው የማይታወቅ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ወደ ግቢው ገባ። ዕንቍ ያለው ትምህርቱን ነበር። በምሳሌ እያስተማረ ልዑሉን አጠመቀው። አባት ልጁን በማስፈራራትም፣ በክርክርም፣ በማባበልም ሊመልሰው ሞክሮ አልሆነለትም፤ በመጨረሻ ራሱ አባትየው አመነ። ይዋስፍም ዘውዱን ለሌላ ትቶ መምህሩን ፍለጋ ወደ ምድረ በዳ ሄደ።

ስለ ቡድሃ ጥቂት ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ወዲያውኑ ያስታውሳል። ከክርስቶስ ልደት አምስት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የኖረው ሲድሃርታ ጎታማ፣ በቡድሃ ተከታዮች ትረካ፣ እንዲሁ ክፉ እንዳያይ በግቢ የተጠበቀ የንጉሥ ልጅ ነበር። ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አይቶ ልቡ ተነካ፤ አራተኛ አንድ መናኝ አየና ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ምስክር ነው። ሥሩ ቦዲሳትቫ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ሲሆን፣ ወደ ቡድሃነት በመጓዝ ላይ ያለ ማለት ነው። ታሪኩ በፋርስ በኩል አልፎ በባግዳድ ዘመን ወደ አረብኛ ሲገባ ስሙ ቡዳሳፍ ሆነ። በአረብ ጽሕፈት የቃል መነሻ የሆኑ ሁለት ፊደላት የሚለዩት በነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ ከሥር ያለው እንደ በ፣ ሁለት ነጥብ ያለው እንደ የ ይነበባል። አንዲት ነጥብ ተጨመረችና ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ። በዚህ መልክ ጆርጂያኖች ተቀብለው የክርስቲያን ታሪክ አደረጉት፤ ከጆርጂያ ቋንቋ በግሪክ ተጻፈ፤ በ1048 በላቲን ተተረጐመ፤ በየአውሮፓው ቋንቋ ተበተነ። ከግሪኩም ተመልሶ በክርስቲያኖች እጅ ወደ አረብኛ ገባ፤ አባ ዕንባቆም ያገኙት በዚህ መልኩ ነው። አውሮፓውያን ሊቃውንት ልዑሉ ቡድሃ መሆኑን በሚገባ ያስረዱት በ1859 እና በ1860 ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ግን አስቀድማ ስሙን በቅዱሳን ዝርዝር ውስጥ አስገብታ በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 27 ቀን ታስበው ነበር። የግእዙን መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1923 ከትርጉም ጋር አሳተመው።

የቡድሃ ተከታዮች ተረት እጅግ ብዙ ነው። ጃታካ በሚባለው በፓሊ ቋንቋ በተሰበሰበው መጽሐፍ ብቻ 547 ተረቶች አሉ፤ ቡድሃ ከመወለዱ በፊት በሰውም በእንስሳም መልክ ኖረ በሚሉት ዘመን ስላደረገው ቸርነትና ትዕግሥት የሚነግሩ ናቸው። እኛ ዘንድ በበረላም አፍ ከደረሱት ምሳሌዎች ግን ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው በጕድጓድ ስለወደቀው ሰው ነው። አንድ ሰው አውሬ ሲያሳድደው ሮጦ ገደል ገባ፤ ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ያዘና ተንጠለጠለ። አውሬው በህንዶቹ ዘንድ ዝሆን ነው፤ በግሪኩ ባለ አንድ ቀንድ ሆኗል። ሰውየው ወደ ታች ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። እግሩን ባሳረፈበት ቦታ አራት እባቦች ራሳቸውን አውጥተዋል። ወደ ዛፉ ሥር ቢመለከት አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር አይጥ ተራ በተራ ይቈረጥማሉ። በዚህ መካከል ከቅርንጫፉ የማር ጠብታ ስትወርድ አየ። ምላሱን ዘርግቶ ማሯን ላሰ፤ አውሬውንም፣ ዘንዶውንም፣ አይጦቹንም ረሳ። አውሬው ሞት ነው፤ አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ አራቱ እባቦች ሥጋችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት ናቸው፤ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። ማሩ ጣፋጭ አይደለም አይልም ተረቱ። ጣፋጭ መሆኑን አምኖ፣ አይጦቹ ግን ሥራ እንዳልፈቱ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ስለ ወፊቱና ስለ አዳኙ ነው። አዳኙ አንዲት ትንሽ ወፍ ያዘ። ከለቀቅኸኝ ሦስት ምክር እሰጥሃለሁ አለችው። የማይደረስበትን አትከተል፤ ባለፈ ነገር አትጸጸት፤ የማይታመን ነገር አትመን አለችው። ለቀቃት። እርስዋም ከዛፍ ላይ ሆና ሞኝ ነህ፤ በሆዴ ከሰጎን እንቍላል የሚበልጥ ዕንቍ ነበር አለችው። ሰውየው በመልቀቁ ተጸጸተ፤ ሊይዛትም ሮጠ። ያን ጊዜ ሣቀችበት። ያለፈውን ተጸጽተሃል፤ የማትደርስብኝን ተከትለሃል፤ እኔ ራሴ የሰጎን እንቍላል ሳላክል በሆዴ ከዚያ የሚበልጥ ዕንቍ አለ ስልህ አምነሃል ብላ በረረች። ምክር በደብተር ስለተጻፈ በልብ ተጻፈ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ለተማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ስለ አንድ ዓመት ንጉሥ ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች የአገሩን ሕግ የማያውቅ እንግዳ ፈልገው ያነግሣሉ። ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈቃዱ ይገዛል። ዓመቱ ሲሞላ ግን ድንገት ይነሡበትና ልብሱን ገፈው ወደ ሩቅ ደሴት ይሰዱታል፤ በዚያም በረኃብና በብርድ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የነገሠ አስተዋይ ሰው ግን ከእርሱ በፊት የነበሩት የት ደረሱ ብሎ ጠየቀ። ነገሩን በተረዳ ጊዜ ሥልጣኑ ሳለ ወርቁንና ዕንቍውን በታመኑ ሰዎች እጅ አስቀድሞ ወደ ደሴቱ ላከ። ዓመቱ ሞልቶ ሲሰዱት የሄደው ወደ ራሱ ሀብት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምሳሌ በ1553 ለአጼ ገላውዴዎስ ማቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በጦርነት የኖሩ ንጉሥ ናቸው። አባታቸው ከዙፋን ወደ ስደት ሲወርዱ አይተዋል። መጽሐፉ በተተረጐመ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1559፣ እሳቸውም በጦር ሜዳ ወደቁ። ተርጓሚውም ቢሆኑ ምሳሌውን የሚያውቁት በሥጋቸው ነው። ተሾመው ተሽረዋል፤ ከብረው ተግዘዋል፤ ደብራቸው ሲነድ አይተዋል። ነጋዴ መስሎ ዕንቍ ይዞ የመጣውን መነኩሴ ታሪክ ሲጽፉ፣ ከየመን ሸቀጥ ፍለጋ መጥተው ሌላ ነገር ያገኙትን ወጣት ሳያስታውሱት አልቀሩም ብለን እንገምታለን። አባ ዕንባቆም በ1560ዎቹ እንዳረፉ ይገመታል። ከእሳቸው ወንበር ምንም አልቀረም፤ የቀረው አስቀድመው የላኩት መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ታሪክ የቡድሃ ከሆነ የእኛ ነው ማለት ይገባልን? አንዳንዱ ቅዱስ የተባለው ሰው ቡድሃ መሆኑ ቢገለጥ የሚያሳፍር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እንግዲያው ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የቸኰሉ ይመስለናል። በቡድሃ ታሪክ ልዑሉ የተገለጠለት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በራሱ ምርምር ነው፤ በግእዙ መጽሐፍ መምህር መጥቶ ያስተምረዋል፤ ያጠምቀዋልም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ የሚያምኑበት ሰዎች ለዚያ ልዩነት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ነገር ግን ሽማግሌውን አይቶ ይህ የእኔም ዕጣ ነውን ብሎ የጠየቀው ወጣት በሁለቱም አለ። የቡድሃ ተከታይ፣ ሙስሊም፣ ክርስቲያን እየተቀባበሉ ያሻገሩት ይህንን ጥያቄ ነው። መልሱ እንደየሃይማኖቱ ቢለያይም ጥያቄውን ማንም አልጣለውም።

በልደታ ማርያም ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ከደጅ ሲሰበሰብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀምሳል። እህሉ ከማን ማሳ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፤ በስሎ እንደሆነ ግን ሁሉም ይጠይቃል። የተረትም ነገር እንደዚሁ ይመስለናል። አገሩን ማወቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው፤ አገሩ ሩቅ ስለሆነ ግን ትምህርቱን መመለስ አይገባም። አባ ዕንባቆም ራሳቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ ትውልዳቸውን ብቻ ቈጥረን መልሰናቸው ቢሆን ኖሮ አንቀጸ አሚንም በረላምም ባልኖሩን ነበር።

የተማሪነት ዘመን የአንድ ዓመቱን ንጉሥ ዘመን ይመስላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለ ብዙ ሐሳብ እንቀመጣለን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፤ መምህራን ጠይቁን ይሉናል፤ ወላጆች የሌላቸውን ይልኩልናል፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ብዙ ድሀ ገበሬ የማያገኘው ጊዜ በእጃችን ነው። ዓመቱ ሲሞላ በሩ ይዘጋና ወደ ደሴቱ እንሄዳለን። ደሴቱም ሩቅ አይደለም፤ ክሊኒክ የሌለው ወረዳ ነው፤ ጣራው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ነው፤ ባለጕዳዩ ከጧት ጀምሮ የቆመበት ቢሮ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ፣ ሥልጣኑም ሳለ አንድ ነገር አስቀድሞ መላክ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው። ነጯና ጥቁሯ አይጥ ሥራ እንዳልፈቱ አንርሳ።